«የውሸቴን ነው!»፦ ሕፃናት፣ ምናብና የአዋቂ ቃል

ከሰዓት በኋላ በየትኛውም ሰፈር ብናልፍ ዕቃ ዕቃ የሚጫወቱ ልጆች አናጣም። ጭቃው ወጥ፣ ቅጠሉ እንጀራ፣ ቆርኪው ሲኒ ይሆናል። እንግዳው ይጋበዛል፤ እጁን ወደ አፉ አስጠግቶ «እም፣ ይጣፍጣል!» ይልና ጭቃውን መልሶ መሬት ላይ ይጥለዋል። ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው ታናሽ ወንድም «ወጡን» በእርግጥ ሊቀምስ አፉን ሲከፍት ግን የአራት ዓመቷ አስተናጋጅ ጨዋታውን አቋርጣ ትጮኻለች፦ «እንዴ! የውሸት ነው እኮ!»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደግሞ ከቤት ውስጥ ሌላ ድምፅ ይሰማል። «ግቡ ብያለሁ! አያ ጅቦ አጥሩ ሥር ቆሟል፤ አሁን መጥቶ ይበላችኋል!» ልጆቹ ዕቃቸውን ጥለው ይሮጣሉ። በዚህኛው ንግግር ውስጥ ፈገግታ የለም፤ «የውሸት ነው እኮ» የሚልም የለም።

ለመሆኑ ከእነዚህ ከሁለቱ ምናብንና እውነትን የሚያደባልቀው የትኛው ነው? ብዙዎቻችን ጣታችንን ወደ ልጆቹ ጨዋታ ለመቀሰር እንቸኩላለን። የዚህ ጽሑፍ አቋም ተቃራኒው ነው። ጭቃውን ወጥ ያለችው ልጅ የምታደርገውን ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ድንበሩን የሚያፈርሰው በምር ፊት የተነገረው የአዋቂ ማስፈራሪያ ነው። ስለዚህ ሕፃን ምናብን ከእውን እንዲለይ መርዳት ማለት ምናቡን መቀነስ አይደለም፤ ከእኛ አፍ የሚወጣው ቃል የቱ የጨዋታ፣ የቱ የምር እንደሆነ ሳይሸፈን እንዲታወቅ ማድረግ ነው።

ሕፃኑ ምን ያህል ያውቃል?

የሕፃናትን አስተሳሰብ በማጥናት ስሙ የገነነው ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤ እ.ኤ.አ. በ1926 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ትንንሽ ልጆች በአእምሯቸው ውስጥ ያለውንና በውጭው ዓለም ያለውን እንደሚያደባልቁ፣ ለምሳሌም ሕልም ከውጭ የሚመጣ ነገር እንደሚመስላቸው ጽፎ ነበር። ይኸው ሊቅ በ1945 ባወጣው ሌላ መጽሐፍ ስለ ገዛ ልጁ ያሰፈረው ማስታወሻ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ሕፃኗ የአንድ ዓመት ከሦስት ወር ዕድሜ ሳለች ጠርዙ የትራሷን ጠርዝ የሚያስታውስ ጨርቅ አየች። ጨርቁን ጨብጣ፣ አውራ ጣቷን እየጠባች በጎኗ ተጋደመች፤ እየሳቀች። ቁም ነገሩ ሳቁ ላይ ነው። በእርግጥ እንቅልፍ የመጣበት ሕፃን ይነጫነጫል እንጂ አይስቅም። ልጅቱ እንቅልፍን እየተጫወተችበት እንጂ እየተኛች አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1987 አለን ሌስሊ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይህንኑ ጉዳይ በአንድ ቀላል ጥያቄ አቀረበው። ሕፃን በሁለተኛ ዓመቱ የነገሮችን ስምና ጥቅም በፍጥነት ይማራል። በዚሁ ወቅት እናቱ ሙዝ ጆሮዋ ላይ አድርጋ «ሃሎ!» ስትል ቢያይ፣ ሙዝ ስልክ ነው ብሎ ሊሳሳት አይገባም ነበርን? ነገር ግን ሙዙን በማግስቱ ልጦ ይበላዋል። እንደ ሌስሊ ማብራሪያ፣ የሕፃኑ አእምሮ «ይህ ስልክ ነው» የሚለውን ሐሳብ ስለ ዓለም ካለው እውነተኛ ዕውቀት ነጥሎ፣ እንደ ተጠቀሰ ንግግር በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብቶ ያስቀምጠዋል። በዚህም የጨዋታው ሐሳብ እውነተኛውን ዕውቀት ሳይበክል ይኖራል።

የፖል ሃሪስና የሮበርት ካቫና እ.ኤ.አ. የ1993 ጥናትም ይህን ያጠናክራል። የሁለት ዓመት ገደማ ሕፃናት አንድ አሻንጉሊት ከባዶ ጀበና ላይ «ሻይ» ሲደፋ ካዩ በኋላ እንዲያደርቁ ሲጠየቁ፣ የምናብ ሻዩ የፈሰሰበትን ትክክለኛ ቦታ ይመርጣሉ። ቦታው ደረቅ ነው፤ ሕፃናቱ የጨዋታውን ዓለም ሕግ ተከትለው «ርጥብ» መሆኑን ይረዳሉ።

ሕፃናት ይህን ድንበር የሚያውቁት ያለ ረዳት አይደለም። አንጀሊን ሊላርድና ዴቪድ ዊዘሪንግተን እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት፣ እናቶች በ18 ወር ልጆቻቸው ፊት አንድ ጊዜ በእርግጥ መክሰስ እንዲበሉ፣ ሌላ ጊዜ የሚበሉ እንዲመስሉ ተደረገ። እናቶቹ ሲያስመስሉ ልጃቸውን አብዝተው ያዩ ነበር፤ የበለጠ ፈገግ ይሉ ነበር፤ እንቅስቃሴያቸውም ተለውጦ ነበር። ማንም ሳያስተምራቸው በፊታቸውና በእጃቸው «ይህ የውሸት ነው» እያሉ ነበር ማለት ነው።

በእርግጥ የሚያስቸግረው የት ነው?

ይህ ሲባል ሕፃናት ከቶ አይሳሳቱም ማለት አይደለም። ነገር ግን የሚሳሳቱበትን ቦታ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

አንደኛው ቦታ በመልክና በማንነት መካከል ነው። ጆን ፍላቬልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ሥራ ድንጋይ የሚመስል ስፖንጅ ለሕፃናት አቀረቡ። ልጆቹ ስፖንጅ መሆኑን በእጃቸው ጨምቀው ካረጋገጡ በኋላ «ምን ይመስላል? በእርግጥስ ምንድን ነው?» ተብለው ሲጠየቁ፣ ብዙዎቹ የሦስት ዓመት ልጆች ለሁለቱም ጥያቄዎች አንድ መልስ ሰጡ፤ ከፍ ያሉት ግን ለዩ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1969፣ ሬታ ዴቭሪስ የውሻ ጭምብል የተደረገለት ድመት ለሕፃናት አሳይታ ነበር። ከሦስት ዓመት ልጆች መካከል ድመቱ ውሻ ሆኗል ያሉ ነበሩ፤ ስድስት ዓመት የሞላቸው ግን ጭምብሉ ድመቱን እንደማይለውጠው ያውቁ ነበር።

ሁለተኛው ቦታ የቴሌቪዥን መስኮት ነው። ፍላቬልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት ጥናት፣ በስክሪኑ ላይ በሳሕን የተሞላ ፈንዲሻ እየታየ ቴሌቪዥኑ ቢገለበጥ ምን ይሆናል ተብለው የተጠየቁ የሦስት ዓመት ልጆች ፈንዲሻው እንደሚፈስ ተናገሩ። ዛሬ መስኮቱ ከመደርደሪያ ወርዶ በስልክ መልክ ሕፃኑ መዳፍ ውስጥ ስለ ገባ፣ ጥያቄው ከቀድሞው ይልቅ አንገብጋቢ ሆኗል።

ሦስተኛው ፍርሃት ነው። በፖል ሃሪስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. የ1991 ጥናት፣ የአራትና የስድስት ዓመት ልጆች አንድ ባዶ ሣጥን ከተመለከቱ በኋላ በውስጡ እንስሳ ወይም ጭራቅ እንዳለ በምናባቸው እንዲያስቡ ተጠየቁ። ሁሉም የምናብ እንደሆነ ያውቁ ነበር። ሆኖም አጥኚዋ ከክፍሉ ልትወጣ ስትል ጭራቅ እንዲያስቡ ከተጠየቁት አንዳንዶቹ ብቻቸውን ለመቅረት ፈሩ፤ ለብቻቸው ከቀሩት መካከልም ሣጥኑን ከፍተው የተመለከቱ ነበሩ። ይህ የሕፃን ድክመት ብቻ ነው እንዳይባል፣ የሚያስፈራ ፊልም ካየ በኋላ ኮሪደሩን በሩጫ የሚያቋርጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪም አለ። ማወቅና አለመፍራት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አራተኛውና ለጉዳያችን ዋነኛው የሰው ቃል ነው። ጃክሊን ዉሊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካ ለሚገኙ መዋዕለ ሕፃናት ልጆች ከዚያ በፊት ሰምተውት ስለማያውቁት ፍጡር ነገሯቸው፤ ይኸውም ሃሎዊን በሚባለው በዓል ሌሊት መጥታ ከረሜላን በአሻንጉሊት ስለምትለውጥ «የከረሜላ ጠንቋይ» ነው። ብዙዎቹ ልጆች አመኑ። ፍጡሯን የፈጠረው የልጆቹ ምናብ አልነበረም። የታመኑ አዋቂዎች በምር ፊት ስለነገሯቸው ነው ያመኑት። ታዲያ ይህ የማሰብ ጉድለት ነውን? ሕፃኑ ያየው ማስረጃ «እናቴና መምህሬ አሉ» የሚል ነው፤ ለአራት ዓመት ሰው ከዚህ የላቀ ምን ማስረጃ አለ?

ውሸትና «የውሸት»

ቋንቋችን እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለው። ልጆች ሲጫወቱ «የውሸቴን ነው»፣ «የምሬን ነው» ይላሉ። ለጨዋታውም ለሐሰቱም ያለን ቃል «ውሸት» ነው። «ማስመሰል» የሚለውም ቃል ቢሆን ከአስመሳይነት ጋር ስለሚዛመድ ጠረኑ አያምርም። በዚህ የተነሣ ምናበኛውን ልጅ «ውሸታም» ብሎ መገሠጽ ይቀናናል።

ነገር ግን ሁለቱ በባሕርያቸው ተቃራኒዎች ናቸው። «የውሸት» የሆነው ጨዋታ ራሱን ያሳውቃል፤ ውሸት ራሱን ይደብቃል። ጨዋታው የሚሠራው ሁለቱም ወገኖች ሲያውቁት ነው፤ ውሸት የሚሠራው አንደኛው ወገን ሳያውቅ ሲቀር ነው። አማርኛም ቢሆን ይህን ልዩነት ዘንግቶት አይደለም፤ በር ሠርቶለታል። ልጆች «ሱቅ ሱቅ»፣ «ዶክተር ዶክተር»፣ «ዕቃ ዕቃ» እንጫወት ሲሉ ስሙን ደግመው መጥራታቸው ነገሩ የምር እንዳልሆነ ማስታወቂያ ነው። አያቶቻችን «ተረት ተረት» ሲሉ ሰሚው «የላም በረት» ብሎ መመለሱም የዘወትር ልማድ ብቻ አይደለም። ተራኪውና ሰሚው አብረው ወደ ሌላ ዓለም ለመግባት የሚፈራረሙት ውል ነው። ሲያበቃም «ተረቴን መልሱ» ተብሎ በሩ ይዘጋል። በተረት ውስጥ የተናገረው አያ ጅቦ የቱንም ያህል ቢያስፈራ በሩ ውስጥ የሚኖር ጅብ ነው። ለአራት አሥርት ዓመታት ያህል በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲነግሩ የኖሩትና እ.ኤ.አ. በ2017 ያረፉት አባባ ተስፋዬ (ተስፋዬ ሣህሉ) ትውልዶችን ያስደሰቱት በዚህ በር እያስገቡ ነው።

አጥሩ ሥር የቆመው ጅብ ግን በር የለውም። «ተረት ተረት» ሳይባል የገባ ነው። «ዝም ካላልሽ ሐኪሙ መርፌ ይወጋሻል»፣ «ካስቸገርክ ፖሊሱ ይወስድሃል» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። የእነዚህን ዋጋ ቆይቶ የሚከፍለው ሕፃኑ ነው። መርፌ ቅጣት ነው ተብላ ያደገች ልጅ ለክትባት ስትወሰድ ምን አጠፋሁ ብላ ታስብ? ሰው በተጨናነቀበት ገበያ እናቱ የጠፋችበት ልጅስ፣ ፖሊስ የሚወስድ አውሬ ከሆነ፣ ወደ ማን ይሩጥ?

የጅቡ ነገር ደግሞ ከሁሉ ይብሳል፤ ምክንያቱም በአገራችን ጅብ በእርግጥ አለ። በሐረር ማታ ማታ ሥጋ እየጎረሰ በጎብኚዎች ይታያል፤ በብዙ ከተሞቻችን ዳርቻም ሌሊት ይጮኻል። ልጅ ስለ እውነተኛው ጅብ ማወቅ ያለበት ነገር አለ፦ በሌሊት የሚንቀሳቀስ ሥጋ በል እንስሳ መሆኑን፣ ሊቀርቡት እንደማይገባ። ነገር ግን እራቱን ባልጨረሰ ቁጥር ጅብ የተጠራበት ልጅ ሁለት ዕድል ብቻ አለው። ወይ ያምንና በከንቱ ይፈራል፤ ወይ ጅቡ ከቶ እንደማይመጣ ይደርስበትና እውነተኛውን ማስጠንቀቂያ ጭምር ይንቃል። «ሽቦውን አትንካ፤ ይገድልሃል» የሚለው ቃል የሚመጣው ከዚያው አፍ፣ በዚያው ድምፅ ነው።

«እኛስ በአያ ጅቦ አድገን የለም ወይ?»

የሚቀርበውን ተቃውሞ መገመት አያዳግትም። ወላጆቻችንና አያቶቻችን በዚሁ አሳደጉን፤ ምን ሆንን? ምድጃ በሚነድበት ጠባብ ቤት ሦስት ልጅ የምትጠብቅ እናት የሥነ ልቦና ንግግር ለማድረግ ጊዜ የላትም፤ ማስፈራሪያው ደግሞ ይሠራል።

ተቃውሞው ከባድ ነው። ማስፈራሪያው ለዚያች ቅጽበት መሥራቱን ማንም አይክድም። በዚህ መንገድ ያደጉ ሚሊዮኖች ጤነኞች መሆናቸውም ግልጽ ነው። ሆኖም ምድጃው ራሱ በቂ አስፈሪ ነው። «እሳት ያቃጥላል» የሚለው ቃል «ጅብ ይበላሃል» ከሚለው አይረዝምም፤ በዚያ ላይ እውነት ነው፤ ልጁም የሞቀውን ድስት ከሩቅ በመዳፉ ሲሰማው ቃሉ ልክ መሆኑን ራሱ ያረጋግጣል። አንዱ ቃል በተፈተነ ቁጥር ይጠነክራል፤ ሌላው በተፈተነ ቁጥር ይሳሳል።

የጥናት ማስረጃም ብንፈልግ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ቼልሲ ሄይስና ሌስሊ ካርቨር በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲያጎ ያደረጉትን ጥናት አሳትመዋል። ከ3 እስከ 7 ዓመት ለሆኑ ልጆች፣ ከፊሎቹን አንዲት አዋቂ ዋሽታ፣ መዋሸቷንም ነገረቻቸው። ቀጥሎም ዞረው እንዳያዩ ተነግሯቸው ከአንድ አሻንጉሊት ጋር ለብቻቸው ተተዉ። ለትምህርት ከደረሱት መካከል የተዋሹት ካልተዋሹት ይልቅ ዞረው ያዩት፣ ኋላም አላየንም ብለው የዋሹት በዙ። ከእነርሱ ባነሱት ዘንድ ይህ ልዩነት አልታየም። ስለዚህ አንድ ማስፈራሪያ የሁለት ዓመት ሕፃን ጠባይ ያበላሻል ማለት ከጥናቱ በላይ መናገር ይሆናል። የሚታየው ግን ልጆች እያደጉ ሲሄዱ የቃላችንን ዋጋ መመዘን እንደሚጀምሩ ነው፤ በዚያን ጊዜ የሚመዝኑት ደግሞ ያጠራቀምነውን ነው።

በሌላ ወገን፣ ሳይንስን እናስፋፋለን በሚል ተረትና የምናብ ጨዋታ ከሕፃናት ይራቁ የሚሉም አይጠፉም። እነዚህም መድኃኒቱን ከበሽታው ጋር አደባልቀውታል። ማሪያ ዲያስና ፖል ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጡት ጥናት ከ4 እስከ 6 ዓመት ለሆኑ ልጆች ይህን የመሰለ ጥያቄ አቀረቡ፦ «ድመቶች ሁሉ እንደ ውሻ ይጮኻሉ፤ ሬክስ ድመት ነው፤ ሬክስ እንደ ውሻ ይጮኻልን?» ጥያቄው እንዲሁ ሲነገራቸው ብዙዎቹ ከሚያውቁት ተነሥተው አይጮኽም አሉ። በምናብ ጨዋታ መልክ ሲቀርብላቸው ግን ከተሰጣቸው መነሻ ተነሥተው ትክክለኛውን መደምደሚያ በተሻለ ሁኔታ ደረሱበት። ምናቡ ሎጂካቸውን አላደናገረውም፤ ነጻ አወጣው እንጂ።

ምን እናድርግ?

የዚህ መጽሔት አንባቢዎች ገና ወላጆች ባይሆኑም አብዛኞቹ የታናናሾች ወንድምና እኅት፣ አጎትና አክስት ናቸው። በእጃቸው ያለው ነገር ቀላል ነው።

በመጀመሪያ፣ ሕፃኑ በምናብ ሲጫወት «ይህ እኮ ጭቃ ነው» እያልን አናርመው፤ ያውቀዋል። ወደ አፉ ካስገባው ግን እንከልክለው። ስናጫውተውም ፊታችንና ድምፃችን ጨዋታ መሆኑን ይናገሩ፤ ከጨዋታው ስንወጣም መውጣታችን ይታወቅ።

ሁለተኛ፣ ሕፃኑ ቆም ብሎ «የምር ነው?» ብሎ ከጠየቀ ጨዋታው የቱንም ያህል ቢጥም እውነቱን እንንገረው። ይህች ጥያቄ ሕፃኑ ድንበሩን ለመፈለግ የዘረጋት እጅ ናት፤ በቀልድ ልትመታ አይገባትም።

ሦስተኛ፣ ፍርሃቱን አንሳቅበት፤ አናጽድቀውም። «ጭራቅ አልጋ ሥር አለ» ካለ፣ «ወንድ ልጅ አይፈራም» ማለትም ሆነ «እኔ አባርረዋለሁ» ማለት ጥያቄውን አይመልስም። ባትሪ ይዘን እጁን ጨብጠን አብረን ጎንበስ ብለን እንይ። ያችን ሌሊት ፍርሃቱ ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል፤ ሕፃኑ ግን አንድ ትልቅ ነገር ይማራል፦ አንድ ነገር ስለ መኖሩ ስንጠራጠር ሄደን እንመለከታለን።

አራተኛ፣ ስልኩን ወይም ቴሌቪዥኑን ለብቻው አንተውለት። «ስልኩን ብንገለብጠው ውኃው ይፈሳል?» ብለን እንጠይቀውና አብረን እንገልብጠው። ዋጋ የማይጠይቅ ላቦራቶሪ ነው።

አምስተኛ፣ አያ ጅቦን ወደ ተረቱ እንመልሰው። ቦታው እዚያ ነው፤ እዚያ ሲሆን ያስቃል፣ ያስተምራል፣ ሞኝነቱም ይወደዳል።

«እንበል»

ይህ ጉዳይ በሳይንስ መጽሔት ላይ ቦታ የሚገባው ለሕፃናት ከማዘን ብቻ አይደለም። እያንዳንዳችን ከምናውቀው ሳይንስ ውስጥ በገዛ ዓይናችን ያረጋገጥነው እጅግ ጥቂቱን ነው። ጀርም በሽታ እንደሚያመጣ፣ መሬት ፀሐይን እንደምትዞር፣ ቁስ ከአቶሞች እንደ ተሠራ መጀመሪያ የተቀበልነው በታመነ ሰው ቃል ነው። ፖል ሃሪስና ሜሊሳ ኮኒግ እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳመለከቱት፣ ሕፃናት ስለማይታዩት የሳይንስ ነገሮችም ሆነ ስለ ሌሎች ስውር ነገሮች የሚያውቁት በዋናነት ከሌሎች ምስክርነት ነው። «እጅህን ታጠብ፤ የማይታይ ጀርም አለ» እና «ተኛ፤ የማይታይ ጭራቅ አለ» ለሕፃኑ በአንድ በር የሚገቡ ሁለት እንግዶች ናቸው። ሁለተኛውን ስናስገባ የመጀመሪያውን በር እያላላን ነው።

ምናቡም ቢሆን የሳይንስ ባለውለታ ነው። ተማሪ የ2 ዳግም ዘር በሁለት ሙሉ ቁጥሮች ክፍልፋይ ሊጻፍ እንደማይችል ሲያረጋግጥ የሚጀምረው «ሊጻፍ ይችላል እንበል» ብሎ ነው። የፊዚክስ መምህሩም «ሰበቃ የሌለበት ወለል አለ እንበል» ይላል፤ እንዲህ ያለ ወለል ግን ማንም አይቶ አያውቅም። አልበርት አይንስታይን በ16 ዓመቱ የብርሃንን ጨረር በብርሃን ፍጥነት ብከተለው ምን አይ ነበር ብሎ ራሱን መጠየቁን ኋላ ጽፏል። ይህ «እንበል» እና የአራት ዓመቷ ልጅ «የውሸቴን ነው» የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሁለቱም እውነት ያልሆነን ነገር እውነት እንዳልሆነ እያወቁ ይዘው፣ ከእርሱ የሚከተለውን ለማየት የሚያስችሉ ናቸው።

እንግዲህ ቆርኪውን ሲኒ ያደረገችው ልጅ የምትለምነን ነገር ብዙ አይደለም። ቡናዋን ስታቀርብልን ተቀብለን «ፉት» እንድንል፣ የምር የሆነውን ስትጠይቀን ደግሞ የምሩን እንድንመልስላት ነው።